የ2005 አኩራ አርኤል ከ14 ወር በኋላ፦ ማግኔት ያልያዘው ኮፈን

መኪናዋን ለማየት ስንሄድ ጓደኛዬ ማግኔት ኪሱ ከትቶ ነው የመጣው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ቦዲዋን በማግኔት ሳትዳስስ አሮጌ መኪና ከገዛህ እንደ ሞኝ ያይሃል። የኋላ በሩን ነካ፣ ያዘ። የፊቱንም ያዘ። ኮፈኑ ላይ ሲያደርገው ግን ማግኔቱ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ዱብ አለ። ከፊት ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይም እንደዚያው። ሻጩ አማርኛ እንደማይሰማ እያወቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግንባሯ በሙሉ ስቱኮ ነው፤ ተጋጭታለች፣ እንሂድ» አለኝ።

ስቱኮ ማለት የተጋጨ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልጥፍ ነው፤ ማግኔት አይዘውም። ይሄ ግን ስቱኮ አልነበረም። የዚህች መኪና ኮፈንና የፊት ፓራፋንጎዎች አሉሚኒየም ናቸው፤ አሉሚኒየምንም ማግኔት አይዘውም። ስልኬ ላይ ፈልጌ ባሳየውም አላመነኝም። በ4,300 ዶላር ገዛኋት፣ 132 ሺህ ማይል ሄዳለች። አዲስ ሆና ስትወጣ ወደ 49 ሺህ ዶላር ነበረች፣ ያኔ እኔ አሜሪካንም አላየሁ።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው፤ የምሠራው ደግሞ የሌሊት ሽፍት። በረዶ የሚጥልበት ሰዓትና እኔ ከቤት የምወጣበት ሰዓት አንድ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞርላት መኪና ፈለግሁ፤ ትልቅ ጂፕ ግን አልፈለግሁም። ሰው ሁሉ የጀርመኖቹን ይጠቅስልኛል። ይህቺን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አኩራ የሆንዳ የቅንጦት መኪናዎች ስም ነው፤ ጃፓን ውስጥ ስሟ ሆንዳ ሌጀንድ ነው፤ የ2004–2005 የጃፓን የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸልማለች።

ሞተሩ 3.5 ሊትር ቪ6፣ ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ወረቀቱ ላይ 300 የፈረስ ጉልበት ይላል። የአለካኩ ደንብ ሲቀየር የ2006ቷ 290 ተባለች፤ ሞተሩ ግን ያው ነው። እኔ ጋ ሁለቱም ቁጥር አይሠራም። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ብትወስዳት የባሰ ትደክማለች። ሲበዛ ፈጣን መኪና ብለህ እንዳትጠብቅ። ሳትጨነቅ የምትሄድ መኪና ናት።

የገዛኋት ግን ለሞተሩ አይደለም፣ ጉልበት ለምታከፋፍልበት መንገድ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ 70 በመቶው ለፊት፣ 30 በመቶው ለኋላ ይሄዳል። መታጠፊያ ላይ ነዳጅ ረገጥ ስታደርግ እስከ 70 በመቶ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወደ ኋላ የሄደው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለውጭኛው ጎማ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ ለአራቱ ጎማዎች አራት ትናንሽ መስመሮች አሉ፤ ማን ምን ያህል እንደደረሰው ሲወጡና ሲወርዱ ታያለህ። ሌሊት ሥራ ውዬ ስመለስ ወደ አውራ ጎዳናው በሚያስገባው ጠምዛዛ መንገድ ላይ ሆን ብዬ ረገጥ አደርጋለሁ። በግራ ስትታጠፍ የቀኝ የኋላው መስመር ብቻውን ሽቅብ ይወጣል፣ አፍንጫዋም አንድ ሰው ከኋላ ትከሻዋን የገፋት ይመስል ወደ ውስጥ ትገባለች። አራቱም ጎማ የሚነዳባቸውን ሌሎች መኪናዎች ነድቻለሁ፣ እንደዚህ የምትታጠፍ አላየሁም።

አሁን ወደ ተማርኩበት ነገር ልምጣ። በገዛኋት በሁለተኛው ወር ሰፈራችን ያለውን ዳገት አዲስ በረዶ ላይ እንደ ቀልድ ወጣችው። እኔም ልቤ አበጠ። ቁልቁለቱ ላይ ቀይ መብራት ጋ ፍሬን ስይዝ ግን አልቆመችም። ፍሬኑ እግሬ ሥር ጠጠጠጥ እያለ፣ መሪውን እንደያዝኩ፣ ቀስ ብላ እየተንሸራተተች መገናኛው መሃል ገብታ ቆመች። እመቤቴን ጠራሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስለነበር ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ጎንበስ ብዬ ጎማዎቹን አየሁ። የፊቶቹ ደህና ናቸው፣ የኋላዎቹ ግን ሌላ ዓይነትና የተላጩ። የቀድሞው ባለቤት ሁለት ብቻ ቀይሮ ነው የሸጠልኝ። አራት ጎማ መንዳት ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይረዳም። ስትቆም ሁሉም መኪና አራት ጎማ ነው ያለው፣ የሚይዝህ ላስቲኩ ነው። በዚያ ላይ የጎማዎቹ ዙሪያ ሲለያይ የኋላው ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ክላቾች ያለ እረፍት ሲፋተጉ ይኖራሉ። 245/50አር17 የክረምት ጎማ አራቱንም በአንድ ቀን ቀየርኩ። ወደ ተራራው በሚወጣው አይ-70 መንገድ ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ፣ መኪናህ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ብትሆንም የጎማህ ጥርስ ከ3/16 ኢንች እንዳያንስ ሕጉ ያዛል። ጎማዎቹን እስክቀይር ድረስ እዚያ መንገድ ላይ ብወጣ ሕገወጥ ነበርኩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ወጪ ፒስተንና ቫልቭ በየተራቸው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው የታይሚንግ ቺንጋ ነበር። ሻጩ «ተቀይሯል» ብሏል፤ ወረቀት ግን የለም። በየ105 ሺህ ማይሉ ወይም በየሰባት ዓመቱ መቀየር አለበት። ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ሞተሩ አበቃለት። እንግዲህ በሰው ቃል ልተኛ? ከውሃ ፓምፑ ጋር 1,150 ዶላር ከፈልኩ። የኋላ ዲፈረንሻሉን ዘይት ጓደኛዬ ራሱ ቀየረው፤ የወጣው ዘይት የተቃጠለ ቡና ነበር የሚመስለው።

ነዳጅ ላይ ምሕረት የላትም። ውዱን ባለ 91 ኦክቴን ቤንዚን ነው የምትጠጣው፣ እዚህ ተራው ቤንዚን 85 ነው። ከተማ ውስጥ በጋሎን 17፣ ረጅም መንገድ ላይ 24 ማይል እየሰጠችኝ ነው። ባለቤቴ ይህን ቁጥር ባትሰማው ይሻላል።

ውስጧን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቆዳው ጠንካራ ነው፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ብቻ ተሰነጣጥቋል። ስፒከሮቹ የሞተሩን ጉምጉምታ የሚያጠፋ ተቃራኒ ድምፅ ይለቃሉ። አክስቴ መብራት ላይ ቆመን «ሞተሩ ጠፋ እንዴ?» ብላ ደንግጣለች። ካርታው በዲቪዲ ስለሆነ የኔ ሰፈር ገና ሜዳ ነው፤ ቤቴ ስደርስ ሣር ውስጥ ነው የምታቆመኝ። የኋላው ወንበር አይታጠፍም፣ የዕቃ መጫኛውም ለመኪናዋ ቁመት ጠባብ ነው። ለፋሲካ አራት ከረጢት ጤፍ ከጫንኩ በኋላ ሽንኩርቱ አክስቴ እግር ሥር ነው የተጓዘው።

በጁን በረዶ ወረደ፣ የዴንቨር ሰው ያውቀዋል፣ እንደ ዋልኑት የሚያህለው። ኮፈኑ ላይ አሥራ አንድ ጉድጓድ ቆጠርኩ። ጉድጓድ የሚያወጣው ሰው መጥቶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ፣ «አሉሚኒየም ነው፣ ዋጋው ይጨምራል» አለ። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ምንም አልተናገረም። እኔም አላስጠገንኩትም።

አሁን 149 ሺህ ማይል ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት በረዶ ሲጥል የጓደኛዬ መኪና ከግቢው መውጣት አቅቷት ደወለልኝና ሄጄ አነሳሁት። ጋቢና ተቀምጦ ዳገቱን እስክንጨርስ ዓይኑን ከአራቱ መስመሮች ላይ አልነቀለም። ላይ ስንደርስ፣ «ስቱኮዋ ደህና ትወጣለች» አለኝ።