«በነፃ» ተብሎ የተዋወቀ የሲቪ ማዘጋጃ አገልግሎት፦ ግምገማ

ለሥራ ማመልከቻ በተጣደፍኩበት ሰሞን «ሲቪዎን በነፃ ያዘጋጁ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሁለት ሳምንት ተጠቅሜበታለሁ። ስለ ጥራቱ በአጭሩ ለመናገር፣ ቅጾቹ ያማሩ ናቸው፤ የተጻፈውን ማረምም ቀላል ነው። ቅሬታዬ ከሥራው ሳይሆን ሥራው ከተዋወቀበት ቃል ላይ ነው።

የትምህርት ደረጃዬንና የሥራ ልምዴን አንድ ሰዓት ያህል ስሞላ ቆይቼ «አውርድ» የሚለውን ስጫን፣ የመጣልኝ ፋይሉ ሳይሆን የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ነበር። ከሥሩ፣ ዓይን በሚያደክም ፈዛዛ ግራጫ ፊደል፣ የ7 ቀኑ ሙከራ ሲያበቃ ወርሃዊ ክፍያው በራሱ እንደሚቀጥል ተጽፏል። ማዘጋጀቱ በነፃ፣ ማውረዱ በክፍያ መሆኑ ነው። ሲቪ ግን የሚዘጋጀው ለቀጣሪ ሊላክ ስለሆነ፣ ካልወረደ ለአመልካቹ ምንም አይፈይድለትም።

ይህ የግል ብስጭት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1971 «ነፃ» ስለሚለው ቃል አጠቃቀም ባወጣው መመሪያ፣ ከነፃው ነገር ጋር የተያያዘ ግዴታ ሁሉ ገና ከመነሻው፣ ከቃሉ አጠገብ፣ አንባቢው ሊስተው በማይችል ሁኔታ መገለጽ አለበት ይላል፤ ኮከብ ምልክት አድርጎ ዝርዝሩን ወደ ግርጌ ማውረድ እንኳን እንደማይበቃ በግልጽ አስፍሯል። እኔ ያየሁት ማስታወቂያ ኮከብም አልነበረውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ሕግ ደግሞ፣ ሸማቹ ለማስታወቂያው ምላሽ ለመስጠት፣ ዕቃውን ለመውሰድ ወይም ለማስመጣት ከሚያወጣው የማይቀር ወጪ ውጭ ሌላ ክፍያ ካለበት፣ ምርቱን «ነፃ» ብሎ መጥራትን በማንኛውም ሁኔታ ከተከለከሉ አሠራሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሌላው ያሳሰበኝ «የዓመት ለሚከፍሉ 3 ወር ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ነው፤ በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ በገባሁ ቁጥር እዚያው ነበር። ስጦታ ሁልጊዜ ከተሰጠ ዋጋው ውስጥ ተካትቷል ማለት ነውና ሕጉ በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜሪ ካርተር የተባለውን የቀለም ድርጅት ጉዳይ ሲመለከት፣ ድርጅቱ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ለገዛ ሁሉ ሁለተኛውን «በነፃ» ይሰጥ ነበር። አንዱን ቆርቆሮ ለብቻው ሸጦ ስለማያውቅ ግን፣ የአንዱ ተብሎ የተነገረው ዋጋ በእርግጥ የሁለቱ ዋጋ ነው የሚለውን የኮሚሽኑን ውሳኔ ፍርድ ቤቱ አጽንቶታል። መመሪያውም አንድ ዓይነት መጠን ያለው ምርት በአንድ የገበያ አካባቢ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር በላይ ከነፃ ስጦታ ጋር እንዳይተዋወቅ ይመክራል። ሁለት ሳምንት ይህን ለመፍረድ አይበቃኝም፤ የዓመቱን ክፍያ ለመክፈል የሚያስብ ሰው ግን ያለ ስጦታው የሚሸጥበት ጊዜ መኖሩን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ማቋረጡ አላስቸገረኝም፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ማረጋገጫውም ወዲያው በኢሜይል ደረሰኝ። ስለዚህ ከፍሎ ለመጠቀም ቆርጦ ለሚገባ ሰው አገልግሎቱን እመክራለሁ፤ ነፃ ነው ብሎ ለሚመጣ ሥራ ፈላጊ ግን አልመክርም። ባለቤቶቹ ያቺን ግራጫ ዓረፍተ ነገር ከማውረጃው ገጽ አንስተው ማስታወቂያው ላይ «በነፃ» ከሚለው ቃል ጎን፣ በዚያው የፊደል መጠን ቢያስቀምጧት፣ ይህን ግምገማ በደስታ አስተካክላለሁ።