አደገኛውን ፕላክ የሚያሳየው የትኛው የልብ ምርመራ ነው?

ሃርት አታክ የሚያመጣው ሁልጊዜ የልብ ደም ቧንቧን በጣም ያጠበበው ፕላክ (በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የተከማቸ ስብና ካልሲየም) አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ውስጡ ስብ የሞላበት፣ ሽፋኑ ከ65 ማይክሮሜትር በታች የሳሳና ሲቀደድ ደም የሚያረጋው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ምርመራው የሚያየው ጥበቱን ነው ወይስ ራሱን ፕላኩን? ብለው ይጠይቁ።

ሕመም ለሌለው፣ ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) ይጀምር አይጀምር ለሚያመነታ ሰው ካልሲየም ስኮር፣ ማለትም በልብ ቧንቧ ያለውን ካልሲየም በሲቲ የሚቆጥር ምርመራ፣ ይበቃል። መርፌ የለውም፤ ጨረሩም 1 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው። ግን የሚቆጥረው የጠጠረውን ብቻ ነው፤ ለስላሳው ፕላክ ያመልጠዋል። ደረቱን የሚያመው ሰው «ዜሮ» ስለተባለ ብቻ ተረጋግቶ እንዳይቀመጥ። ስታቲን የሚወስድ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ቢጨምር አይደንግጥ፤ መድኃኒቱ ፕላኩን ያጠጥረዋል።

ለአብዛኛው የደረት ሕመም ላለበት ሰው የእኛ ምርጫ ሲቲ አንጂዮግራፊ (ቧንቧውን የሚያጎላ ፈሳሽ፣ ኮንትራስት፣ በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳ የሲቲ ምስል) ነው፤ ማሽኑ ቢያንስ ባለ 64 ስላይስ ይሁን። ከ30 ሀውንስፊልድ (የሲቲ የጥግግት መለኪያ) በታች የሆነ ስባም ፕላክ፣ ወደ ውጭ ያበጠ ግድግዳ፣ በዙሪያው የቀለበት ምልክት፣ ከ3 ሚሊሜትር ያነሱ የካልሲየም ነጠብጣቦች፦ አራቱንም ያሳያል። የሚበላሸው በዝግጅት ጉድለት ነው። የልብ ምት በደቂቃ ከ60 ብዙ ከበለጠ ወይም ትንፋሽ ካልተያዘ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ለዚህ ነው የልብ ምትን የሚቀንሰው ሜቶፕሮሎል የሚሰጠው። ምርመራው 12 ሰዓታት ሲቀሩት ጀምሮ ቡና ይተዉ፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይመርመሩ። ቪያግራ ወይም መሰሉን ከወሰዱ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ለምርመራው ቧንቧውን ለማስፋት ከምላስ ስር ከሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይጥላል። ካልሲየም የበዛበት ቧንቧ ደግሞ ከእውነቱ በላይ የጠበበ ይመስላል። ብዙ ሪፖርቶች የጥበቱን መቶኛ ብቻ ጽፈው ያልፋሉ፤ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ ካድ-ራድስ 2.0 ግን የፕላኩን መጠንና አደገኛነትም ያስመዘግባል። ሪፖርቱ በዚያ ይጻፍ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

በካቴተር (በደም ቧንቧ ውስጥ እስከ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚሠራው አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ደም የሚያልፍበትን ክፍተት ብቻ ነው። ግድግዳው ወደ ውጭ ስለሚሰፋ ብዙ ፕላክ ያለበት ቧንቧ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ይህን ጉድለት በዚያው ካቴተር የሚገቡ መሣሪያዎች ይሞላሉ። አይቨስ (IVUS) በአልትራሳውንድ ጠለቅ ብሎ ያያል፣ ኮንትራስትም አይፈልግም፤ ለደካማ ኩላሊት ይመረጣል። ነገር ግን መለየት የሚችለው ትንሹ መጠን ከ100 ማይክሮሜትር በላይ ስለሆነ ሳስቶ ያለውን ሽፋን አይለካም። ሽፋኑን የሚለካው በብርሃን የሚሠራው ኦሲቲ (OCT) ነው፤ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ይለያል፤ የሚያየው ግን 1 እስከ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ብቻ ነው፣ ደሙንም አብዛኛውን ጊዜ በኮንትራስት ማጠብ ግድ ነው። ኒርስ (NIRS) በኢንፍራሬድ ብርሃን ስቡን ብቻ ይለያል፤ በ4 ሚሊሜትር ርዝመት ውስጥ ከ400 በላይ ቁጥር የአደጋ ምልክት ነው።

እነዚህ ሦስቱ የሚጨመሩት ለስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ ለሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ወይም ለሌላ ምክንያት ካቴተር ሲገባ ነው። ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው ለማጣራት ብቻ እንዲገባለት ቢጠየቅ እምቢ ይበል።