የጫጩት ቤቶቻችንን ሙቀት በዋይፋይ ላገናኘልን ወጣት፦ እጅህ ይባረክ

ሰላም ለዶሮ አርቢዎችና ለኤሌክትሮኒክስ ሰዎች በሙሉ። ቢሾፍቱ ባለው እርባታችን ለ3 የጫጩት ክፍሎች የሙቀትና የእርጥበት መከታተያ የሠራልንን ወጣት በአደባባይ ልናመሰግነው፣ ሥራ ያላችሁም እንድትጠሩት ልንጠቁም ነው። «ጎበዝ ነው» ብቻ ብንል ማንንም ስለማይረዳ ሥራውን እንዘርዝረው።

የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሲቆም ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ይታፈናሉ። ልጁ ገና ግቢውን ሳይዞር የጠየቀን ይህንኑ ነው፦ «መረጃው የሚያስፈልጋችሁ መብራት ሲኖር ነው ወይስ ሲጠፋ?» ሥራው በሙሉ የተሠራው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

በየክፍሉ አንድ ኢኤስፒ 8266 የሚባል፣ ዋይፋይ ያለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አለ። በየ30 ሰከንዱ አንብቦ በግቢው ዋይፋይ ቢሮ ወዳለው ራስበሪ ፓይ 3 ወደተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ይልካል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሲም ካርድም ሆነ የወር ክፍያ የለውም። ፓይው ላይ ሞስኪቶ የተባለው የኤምኪውቲቲ (መሣሪያዎች አጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ሥርዓት) ፕሮግራም መልእክቱን ተቀብሎ ለመዝገቡ፣ ጥበቃ ቤት ላለው አሮጌ ስልክና ለደወሉ ያከፋፍላል። ሙቀቱ ለ2 ደቂቃ ከተወሰነለት በታች ከቆየ ደወሉ ይጮኻል። የ2 ደቂቃው ትዕግሥት በር በተከፈተ ቁጥር እንዳይጮኽ ነው፤ በየሰበቡ የሚጮኽ ደወል ውሎ አድሮ ገመዱ ይነቀላል።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ራውተሩን ብቻ ባትሪ ላይ አድርጎ ቦርዶቹን ግድግዳው ሶኬት ላይ ይተዋል። እሱ ሁሉንም በአንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ላይ አሰራቸው። ራውተሩ፣ ፓይውና 3ቱ ቦርዶች አንድ ላይ 12 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ባትሪው 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ስንጠቀም 3 ሰዓት ተኩል ያህል ያቆየናል። በማሞቂያው ፈንታ ከሰል ለማቀጣጠል ጊዜው ከበቂ በላይ ነው። ባትሪው ቻርጅ ላይ ሲሆን እስከ 13.8 ቮልት ስለሚደርስ ወደ ራውተሩ የሚሄደውን 12 ላይ የሚያጸና መቆጣጠሪያ አስገብቶበታል። ወደ ክፍሎቹ የዘረጋውም 12 ቮልቱን ነው፤ 5 ቮልት የሚሆነው እዚያው ቦርዱ አጠገብ ነው። 5 ቮልት በቀጭን ገመድ 20 ሜትር ቢጎተት መንገድ ላይ ይወርዳል። ቦርዱ ዋይፋይ በሚልክበት ቅጽበት ከ300 ሚሊ አምፒር በላይ ስለሚስብ ያኔ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስላል እንጂ ችግሩ ገመዱ ነው። ለዚህም ተጨማሪ፣ ለዚያች ቅጽበት ኃይል የሚያጠራቅም 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በ3.3 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል ሶልደር አድርጎበታል።

ለሙቀቱ ዲኤስ 18ቢ20 ሴንሰር፣ ውኃ የማያስገባውን ባለ ብረት ቱቦ ነው የተጠቀመው። በዳታው ሽቦና በ3.3 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር የግድ ነው። ሴንሰሩ ከሰጋቱራው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በጫጩቷ ጀርባ ልክ፣ በተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ባዶውን ቢሆን ይቆነጥሩታል። ቦታው ከማሞቂያው ሥር ሳይሆን ዳር ላይ ነው፣ ቅዝቃዜው የሚጀምረው ከዚያ ነዋ።

ይህ ሴንሰር የሚያሳያቸውን ሁለት ቁጥሮች ማወቅ ያስፈልጋል። 85 ዲግሪ ካሳየ ክፍሉ እየተቃጠለ አይደለም፤ ሴንሰሩ ልኬቱን ሳይጨርስ ተነቧል ማለት ነው። በ12 ቢት ሲለካ 750 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ አለበት። -127 ከሆነ ደግሞ ሽቦው ተነቅሏል ወይም ተቆርጧል። ፕሮግራሙ ሁለቱንም እንደ ሙቀት አይመዘግባቸውም፤ በሁለተኛው ደወሉን ያስጮኻል።

ለእርጥበቱ ያደረገው ዲኤችቲ 22 ነው። የዶሮ ቤት አቧራና አሞኒያ ይህን ሴንሰር ቀስ በቀስ እንደሚያበላሸው፣ መቀየሪያ መያዝ እንዳለብን ሥራውን ሳይጀምር ነገረን። ይህ ታማኝነት ዋጋ አለው።

ኔትወርኩ ላይም እንዲሁ ነው። ኢኤስፒ 8266 የሚያየው የ2.4 ጊጋ ኸርዙን ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያንን ለብቻው ስም ሰጠው። የቆርቆሮ ግድግዳ ሲግናሉን ይዘጋል፤ ቦርዶቹን የወንፊት ሽቦ ካለው መስኮት ይልቅ ክፍት የአየር ማስወጫው አጠገብ ሰቀላቸው። እያንዳንዱ መልእክት የሲግናሉን ጥንካሬ ጭምር ይዞ ስለሚመጣ፣ ከ-70 ዲቢኤም እየወረደ ከሄደ ሳይቋረጥ እናውቃለን። ለፓይው ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ይዞለታል፤ ያለዚያ ራውተሩ ተነስቶ ሌላ አድራሻ ሲሰጠው ቦርዶቹ ያጡታል። አንዱን ፕሮግራም 3ቱ ላይ ሲጭንም የኤምኪውቲቲ መለያ ስማቸውን ለያይቷል። ሁለት ቦርድ በአንድ ስም ከገባ አንዱ ሲገባ ሌላው ይባረራል፣ መረጃው ብልጭ ድርግም ይላል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ቀን ይፈጃል።

ቦርድ ድንገት ዝም ቢል ሞስኪቶ ራሱ «ክፍል 2 ጠፍቷል» ብሎ ያስታውቃል። ይህን የኑዛዜ መልእክት ቦርዱ ሲገናኝ አስቀድሞ ያስቀምጠዋል። ቦርዱ «አለሁ» እንዲል የተሰጠው ጊዜ 15 ሰከንድ ስለሆነ፣ ሞስኪቶም የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚጠብቅ፣ ከ22 ሰከንድ ገደማ በኋላ እናውቀዋለን። ዝምታን እንደ ደኅንነት የማይቆጥር ሲስተም እንዲህ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር ግን እኛም አላሰብነውም ነበር። ራስበሪ ፓይ 3 የራሱ ሰዓት ስለሌለው፣ ባትሪው አልቆ ያለ ኢንተርኔት ሲነሳ የተሳሳተ ሰዓት ይዞ ይመዘግባል። ልጁ ዲኤስ 3231 የሰዓት ሞጁል ከሳንቲም ባትሪው ጋር ጨመረለት፤ የሌሊቱ መዝገብ በእውነተኛ ሰዓቱ ይነበባል።

ርክክቡ ላይ በእጁ ሶኬት ነቀለ፣ ራውተር አጠፋ፣ የሴንሰር ሽቦ አወጣ፤ እያንዳንዱ ተመልሶ እስኪገናኝ አብረን ቆመን አየን። ፕሮግራሙን፣ የይለፍ ቃሎቹንና በእጅ የተሳለውን የሽቦ ሥዕል ሰጠን፤ የሥዕሉ ቅጂ በላስቲክ ተሸፍኖ በእያንዳንዱ ሳጥን ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። የጫጩት ተንከባካቢያችን እቴቴ ሴንሰር መቀየር የቻሉት ከዚያ ሥዕል ላይ ቀለሞቹን እያዩ ነው።

ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅህ ይባረክ።

ልትጠሩት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቅዶልናልና ስልኩን እንልካለን። የእጅ ዋጋውን ቦታውን አይቶ አስቀድሞ ይቆርጣል፣ ዕቃውን ከነደረሰኙ ለብቻው ያሳያል። ከመደወላችሁ በፊት የክፍሎቹን ብዛት፣ ከራውተሩ ያላቸውን ርቀት በሜትር፣ ግድግዳው ቆርቆሮ ወይስ ብሎኬት መሆኑን፣ መብራት በአንድ ጊዜ ቢበዛ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጽፋችሁ ያዙ። የባትሪው መጠን የሚወሰነው መብራቱ በሚጠፋበት ሰዓት ርዝመት ነው።