ጥገና ብለው ሰርቨሬን ጠርገው አስረከቡኝ፤ ተጠንቀቁ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው፣ የተዘበራረቀ ነገር ካለ እለፉኝ። እነዚህን ርካሽ ሰርቨር አከራዮች መቼም ታውቋቸዋላችሁ። «24 ሰዓት ከጎንዎ ነን» ይላሉ። ቲኬት (የእርዳታ ጥያቄ) ስትከፍቱ «ሪስታርት አድርገው ይሞክሩ»፣ ቀጥሎ «የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድዎን ይላኩልን»፣ በመጨረሻ «ይህ ከመደበኛው ሰፖርት ውጪ ስለሆነ ተጨማሪ ያስከፍላል»። እኔንም በዚሁ መስመር ነው የወሰዱኝ።

ነገሩ ኤስኤስኤች፣ ማለትም ሰርቨሩን ከርቀት ገብቼ የማዝበት መንገድ፣ አላስገባም አለኝ፣ እሱ ነው። ሁልጊዜ በኪይ (በፓስወርድ ፈንታ በሚያገለግል የቁልፍ ፋይል) ነው የምገባው፤ ድንገት «ፐርሚሽን ዲናይድ» (አልተፈቀደም) ማለት ጀመረ። ልብ በሉ፣ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» አላለም። እንደሱ ቢል አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል ወይም ኔትወርክ መንገድ ላይ አስቀርቶታል ማለት ነው። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ»ም አላለም። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሽኑ አለ፣ ፖርት 22 (የኤስኤስኤች የተለመደ በር) ላይ ግን የሚያዳምጥ ሰርቪስ የለም ነው። የኔው ከሁለቱም የተለየ ነው፦ ሰርቨሩ አናግሮኛል፣ ኪዬን አይቷል፣ አይቶ ነው «አይሆንም» ያለኝ። ማሽኑ በሕይወት አለ፣ ኔትወርኩ ይሠራል፣ ድረ ገጹም ይከፈታል። ይሄንን ሁሉ ከነዝርዝር ውጤቱ ቲኬቱ ላይ ለጠፍኩላቸው። ማን አንብቦት! «ውድ ደንበኛችን፣ ሪስታርት አድርገው ይሞክሩ።»

ብዙ ከጨቀጨቅኳቸው በኋላ ቴክኒሻን ተብዬው በኮንሶል (ያለ ኤስኤስኤች ማሽኑ ላይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት) ገብቶ ከሎጉ (ማሽኑ የሆነውን ሁሉ ከሚመዘግብበት ፋይል) ላይ አንድ መስመር ቀድቶ ላከልኝ። የሆም ዳይሬክተሪው (የኔ የግል ፎልደር) ባለቤትነት ወይም ፐርሚሽን (ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው ፈቃድ) ልክ ስላልሆነ ኪዩ ተቀባይነት አላገኘም ይላል። አለቀ፣ መልሱ ይሄው ነው! ሆም ዳይሬክተሪያችሁ ላይ ሌላ ሰው መጻፍ ከቻለ ኤስኤስኤች ኪያችሁን አያምነውም፤ ማንም ገብቶ የራሱን ኪይ ሊጨምርበት ይችላላ። ካልቀየራችሁት በስተቀር የሚሠራው እንዲህ ነው። እና ያንን ዳይሬክተሪ 777፣ ማለትም ማንም እንዲጽፍበት ክፍት፣ ያደረገው ማን ሆኖ ነው? ራሳቸው! ቀደም ብሎ ፋይል አልጫን ብሎኝ ስነግራቸው «አስተካክለናል» ያሉኝ እሱን ከፋፍተው ነው፤ የጻፉት ትእዛዝ የድሮው ቲኬት ላይ ቁጭ ብሏል። መፍትሔው ደግሞ ሆሙን 755፣ የኤስኤስኤች ፎልደሩን 700፣ የኪዮቹን ፋይል 600 ማድረግ ነው፤ ማለትም ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳይጽፍባቸው መዝጋት። ኮንሶል ላይ ለተቀመጠ ሰው የደቂቃ ሥራ።

ሰውዬው ያንን መስመር ለጥፎ ከሥሩ የጻፈው ግን «ሲስተምዎ ተበላሽቷል፣ የሲስተም ጥገና ያስፈልገዋል፣ ሂሳቡ ይኸው» የሚል ነው። ራሱ የላከውን አላነበበውም! ፐርሚሽኑን ብቻ መልሱልኝ ብዬ ለመንኩት። «ጥገናው እሱንም ያካትታል» አለኝ። ኮንሶሉን ለደንበኛ አይከፍቱም፣ በሌላ በኩል መግቢያ የለኝም፣ ከፈልኩ።

«ተፈትቷል» የሚል መልእክት መጣ፣ አብሮትም አዲስ ፓስወርድ። ፐርሚሽን ለማስተካከል አዲስ ፓስወርድ ምን ያደርጋል? ለመግባት ስሞክር ያ በአት ምልክት የታጠረው ማስጠንቀቂያ በትልልቅ ፊደል ስክሪኑን ሞላው፤ የሆስቱ መለያ ተቀይሯል፣ የሆነ ሰው ተንኮል እየሠራ ሊሆን ይችላል ይላል። የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። የሰርቨሩ ሆስት ኪይ (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት የራሱ መለያ) ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ ሲጫን የሚፈጠር ነው፤ መጀመሪያ ስትገቡ ኮምፒውተራችሁ ይመዘግበዋል፣ ከዚያ በኋላ ሪስታርት ብታደርጉት አይቀየርም፣ ፐርሚሽን ብትነኩም አይቀየርም። ተቀየረ ማለት ወይ መሃል ላይ የገባ ሰው አለ፣ ወይ ሌላ ማሽን ጋ ነው የደረስኩት፣ ወይ ደግሞ... ሦስተኛውን ማሰብ አልፈለግኩም።

ቻት ከፈትኩ። ሆስት ኪዩ ለምን ተቀየረ አልኩ።

«ይህ የተለመደ ነው። የድሮውን መስመር ከኖውን ሆስትስ ፋይልዎ (ኮምፒውተርዎ የሰርቨሮችን መለያ ከሚመዘግብበት) ያጥፉና እንደገና ይግቡ።»

ሪኢንስቶል አድርጋችሁታል፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭናችሁታል እንዴ?

ዝም። እየጻፈ ነው የሚለው ምልክት ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል።

«አዎ፣ ጥገናው በዚህ መልኩ ነው የሚከናወነው።»

ዲስኩ ላይ የነበረውስ?

«ባካፕ አገልግሎት አልገዙም።»

ገባሁ። ሆሙ ባዶ። ዳታቤዙ የለም። የድረ ገጹ ፎልደር የለም። ያ የሎግ መስመር እንኳ አብሮ ተጠርጓል፤ ቲኬቱ ላይ ባይለጥፈው ኖሮ ማስረጃም አይኖረኝም ነበር። ባካፕ አለመግዛት ዲስክ ለመጥረግ ፈቃድ ነው እንዴ? ባካፕ ያልገዛ ደንበኛ ዲስክ እኮ ከማንም በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ነው! ይሄንን ጽፌ ሳልጨርስ ቻቱን ዘጋብኝና «አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» ብሎ አምስት ኮከብ ደረደረልኝ። ከጠፋው ዳታ እኩል ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ትንሽ እንኳ ይቅርታ የለም፣ «ውድ ደንበኛችን» ግን አትቀርም።

ገንዘቤን መልሱ አልኳቸው፣ «ሥራው ተጠናቋል» አሉኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል።

እናንተ ብቻ ኮንሶል ወይም ሬስኪው ሞድ (ሲስተሙ እምቢ ሲል ዲስኩን ከውጪ ከፍቶ ለማስተካከል የሚያስችል መነሻ) ለደንበኛ የማይሰጥ ቤት አትከራዩ። ማንም ጥገና ሲላችሁ ዲስኩ ይነካል አይነካም የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አስመልሱ። አልገባም ሲላችሁ የኤስኤስኤች ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ቪ (-v) ጨምሩበት፣ የት ጋ እንደቆመ ይነግራችኋል። ሰርቨር ላይ ፋየርዎል ወይም የኤስኤስኤች ኮንፊግ ስትነኩ ደግሞ የተከፈተውን ሴሽን ሳትዘጉ በሌላ መስኮት ገብታችሁ ሞክሩ፤ እንደነዚህ ዓይነቶቹ እጅ ላይ ከመውደቅ ያድናል።