ሃይፐርኤክስ ክላውድ 2 ከፋሲካ እስከ ጥምቀት፦ ለፒሲ ጌም ሄድሴት ስትመርጡ ማይኩን አስቀድሙ

ሃይፐርኤክስ ክላውድ 2ን የገዛሁት ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ነው፤ አሁን ጥምቀት አልፏል። በመሃል ሙሉ ክረምት፣ የሌሊት ጨዋታና የማያልቅ የዲስኮርድ (ስንጫወት በድምፅ የምናወራበት መተግበሪያ) ወሬ አሳልፈንበታል። ከሳጥን እንዳወጣሁት ከምለው ይልቅ አሁን የምለው ይጠቅማል።

ፍርዴን ላስቀድም። ለፒሲ ጌም ሄድሴት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ማይኩን ይመርምር። የጆሮውን ድምፅ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ፤ ማይኩን የሚሰሙት ግን አብረዋችሁ የሚጫወቱት ናቸው። በመጥፎ ማይክ ወራት ሙሉ ሳያውቀው የሚያወራ ሰው ብዙ ነው፤ ጓደኞቹ ደግሞ በይሉኝታ ዝም ይላሉ።

እኛ በብዛት የምንጫወተው ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 ነው። ሁለቱም አምስት ለአምስት ስለሆኑ ከአምስቱ የአንዱ ማይክ ከተበላሸ የሁሉም ጨዋታ ይበላሻል። ግማሾቻችን አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ ዱባይና ጀርመን ነን። እኔ የምኖረው ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማኝም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል። ማይክ የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቤት ነው።

ክላውድ 2 ፈተናውን አልፏል፤ ምክንያቱም ምትሃት አይደለም፣ ርቀት ነው። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር ድምፃችን ወደ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይጨምራል፤ የዝናቡ ድምፅ ግን እዚያው ነው። ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ማይክ ይልቅ ከከንፈር ሦስት ሴንቲሜትር ላይ የሚቆም የሄድሴት ማይክ ከ20 ዴሲቤል በላይ ብልጫ አለው። በዚያ ላይ ይህ ማይክ ከአፍ በኩል የሚመጣውን አጉልቶ ከኋላው የሚመጣውን ያደክማል። የስቱዲዮ ጥራት የለውም፣ ድምፄም ትንሽ ቀጠን ብሎ ይሰማል። ለጨዋታ ግን መሰማት ያለበት ቃሉ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ጥርት ብሎ ይደርሳል። ማይኩን ከአፋችሁ ፊት ለፊት ሳይሆን ከከንፈራችሁ ጥግ ወደ ጎን አድርጉት፣ ስፖንጁንም አታውልቁ። «ፈ» እና «ፐ» ስንል የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ ሲመታው ሰሚው ጆሮ ውስጥ ንፋስ ይሆናል።

ከማይኩ እኩል የሚያስፈልገው የዲስኮርድ ማስተካከያ ነው። ክሪስፕ የሚባለው የጫጫታ ማጥፊያ ጄኔሬተርንና የፋን ድምፅን በሚገርም ሁኔታ ያስወግዳል፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን ከዝናቡ ጋር የቃል ጫፍም ይበላል። ከዚህ የባሰው በድምፅ የሚከፈተው ማይክ ነው። የመክፈቻው መጠን ከፍ ካለ ማይኩ የሚነቃው የመጀመሪያው ፊደል ካለፈ በኋላ ይሆናል። በአማርኛ ደግሞ ትእዛዝን የሚከለክለው ቁራጭ የሚመጣው መጀመሪያ ላይ ነው። «አትግባ» ብዬ ስጮህ ጓደኛዬ የሰማው «ግባ» ነበር፤ ገባ፣ ሞተ። መጠኑን ዝቅ አድርጉት፣ ወይም ቁልፍ ተጭናችሁ ብቻ ተናገሩ። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ ቤተሰብ በተኛበት ሰዓትም ይሄ ይሻላል።

«ብሉቱዝ ሄድፎን አለኝ፣ አይበቃኝም ወይ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለሙዚቃ ይበቃል። ለጨዋታ ግን በተለመደው ብሉቱዝ ማይኩ ሲከፈት ግንኙነቱ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ይቀየራል፤ ያኔ የምትሰሙት ድምፅም ግራና ቀኝ የሌለው ስልክ ይሆናል። በዚያ ላይ ድምፁ ከምስሉ ዘግይቶ ይደርሳል። ገመድ አልባ መግዛት ካማራችሁ የራሱ የዩኤስቢ መቀበያ ያለውን፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን ፈልጉ። ክላውድ 2 ባለ ገመድ ነው፣ ቻርጅ የሚባል ነገር የለውም። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ድምፁ ብዙ አልልም። ድምፁን የሚያወጡት 53 ሚሊሜትር ድራይቨሮቹ ሙሉና ሞቅ ያለ ድምፅ አላቸው፣ የእግር ኮቴም በግልጽ ይሰማል። በሳጥኑ ላይ ለተጻፈው 7.1፣ ማለትም ድምፅ በዙሪያችን ካሉ ብዙ ስፒከሮች እንደሚመጣ ለሚያስመስለው ቅንብር፣ ግን ገንዘብ አትክፈሉ። ጆሯችን ያለን ሁለት ነው። ግራና ቀኝን የምንለየው ድምፁ አንዱ ጆሮ ጋ ከሌላው በጥቂቱ ቀድሞና በርትቶ ስለሚደርስ ነው፤ ፊትና ኋላን ደግሞ በጆሯችን ቅርጽ። ካውንተር ስትራይክ ይህንን ራሱ ለሁለት ጆሮ አስልቶ ይልካል። በዚያ ላይ የገመዱን 7.1 ቁልፍ ስትጫኑ የተሰላው እንደገና ይሰላል፣ ድምፁም ጓዳ ውስጥ እንደሚጮህ ይሆናል። እኔ 7.1ን እንደዘጋሁት ነው፤ እናንተም እንድትዘጉት እመክራለሁ።

ምቾቱ ጥሩ ነው። 320 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ክፈፉ አሉሚኒየም ነው፣ ረጅም ሰዓት ጭንቅላት አያስጨንቅም። እህቴ ሹሩባ በተሠራች ሰሞን እንኳ አስረዝማ ስታጠልቀው ችግር አልነበረውም። ግን የጆሮው ሽፋን ዝግ ነው፣ የጆሮው ስፖንጅም በሰው ሠራሽ ቆዳ የተለበጠ ነው፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ጆሮ ያልባል። የእኔ ሳጥን ውስጥ ተጨማሪ የጨርቅ ስፖንጅ ስለነበረ ከኅዳር ወዲህ እሱን አድርጌያለሁ። ጨርቁ ቀዝቀዝ ይላል፣ ነገር ግን ውጭውን ጫጫታ እንደ ቆዳው አይከለክልም።

አንድ ለገዢ የሚጠቅም ነገር አለ። ገመዱ ራሱ አንድ ነጠላ ጃክ ነው፤ አሮጌ ዴስክቶፖች ግን ለማይክና ለድምፅ የተለያዩ ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው። አብሮት የሚመጣው የዩኤስቢ ሳጥን ይህን ይፈታል፣ ማይክ መዝጊያውም እሱ ላይ ነው። በጃኩ ስትጠቀሙ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ ሞክሩ። ከጠፋ ጥፋቱ የሄድሴቱ ሳይሆን የቻርጀሩ ወይም ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) የሌለው የቤታችሁ ሶኬት ነው።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ 100 ዶላር ገደማ ነበር። ሱቅ ውስጥ «ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ አትክፈሉ። አስከፍቱት፣ ስልካችሁ ወይም ላፕቶፓችሁ ላይ ሰክታችሁ የራሳችሁን ድምፅ ቅዱ፣ ከዚያ መልሳችሁ አዳምጡት። ሻጩ እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

ጥሩ ሄድፎን አስቀድሞ ያላችሁ ደግሞ ሙሉ ሄድሴት አያስፈልጋችሁም። ሄድፎናችሁ ላይ የሚለጠፍ ወይም ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ግዙ፤ ቀሪውን ገንዘብ ለኢንተርኔት ፓኬጅ አውሉት።