ለማውንቴን ባይክ ርካሽ የሞተር ኪት፦ ሁለቴ ገዝቼ ያየሁት

ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የሚል ሳይ የዳገት ነገር ያለቀለት መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ኪት፣ ማለት ተራውን ሳይክል በባትሪ የሚሄድ የሚያደርገውን የሞተር ስብስብ፣ የመረጥኩት በዛ ቁጥር ብቻ ነው፣ ከኋላ ቸርኬው ጋር ተገጥሞ የሚመጣ ትልቅ ሞተር፣ ካገኘኋቸው ሁሉ ርካሹ። ሜዳ ላይ በእውነት ይበራል። ግን እኔ ሳይክሌን የምነዳው ሜዳ ላይ አይደለም፣ ድንጋይና የዛፍ ስር የበዛበት ቀጭን መንገድ ላይ ነው፣ እና በሶስተኛው ቀን አንድ ረጅም ዳገት በእግረኛ ፍጥነት እየወጣሁ ጉልበቱ እየደከመ ሲመጣ ወርጄ የሞተሩን ሽፋን በእጄ ጀርባ ብነካው ወዲያው ነው እጄን ያነሳሁት፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ የመሰለ ሽታም ነበረው። ሲቀዘቅዝ ተነሳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እዛው ዳገት ላይ ጭራሽ ጠፋ።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ይሄ ዳይሬክት ድራይቭ የሚሉት አይነት ውስጡ ጥርስ የለውም፣ ቸርኬው በሚዞርበት ፍጥነት ነው እሱም ሚዞረው፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ከባትሪው የሚስበው ከረንት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው ሚቀረው። የኋላ ማርሽ ብትቀንሱም እናንተን እንጂ ሞተሩን አያግዘውም፣ የሱ ጉልበት በሰንሰለቱ በኩል አያልፍማ። ለከተማ አስፋልት ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለተራራ ግን ርካሽ ስለሆነ ብቻ እንዳትገዙት በጣም ነው ምለምናችሁ። ክብደቱም 6 እና 7 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ያ ሁሉ ኋላ ቸርኬ ላይ ተንጠልጥሎ ድንጋይ ላይ ሲዘል ለቸርኬው ሽቦዎችም አይበጅም።

ሁለተኛው ላይ ጊዜ ወስጄ ነው የመረጥኩት። የቸርኬ ሞተር ሆኖ ውስጡ ጥርስ ያለው አለ፣ ጊርድ ሀብ ይሉታል፣ ውስጡ ያለው ሞተር ከቸርኬው አምስት እጥፍ ገደማ እየዞረ ጉልበቱን በትንንሽ ጥርሶች ያስተላልፋል፣ ቀለል ይላል፣ ዳገት ላይም ከዛኛው በጣም ይሻላል። በጀታችሁ በጣም ጠባብ ከሆነና መንገዳችሁ መካከለኛ ኮረብታ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ከሱ በላይ ያለው ፔዳሉ ጋ የሚገጠመው ሚድ ድራይቭ ነው፣ ጉልበቱን በሰንሰለቱ በኩል ስለሚልክ እናንተ ማርሽ ስትቀንሱ ለሞተሩም ቀነሳችሁለት ማለት ነው፣ ዳገት ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እዚህ ውስጥ በርካሽ የሚገኙት በዋናነት ሁለት ናቸው፣ የባፋንግ ቢቢኤስ 02 እና የቶንግሼንግ ቲኤስዲዜድ 2።

እኔ ቶንግሼንጉን ባለ 48 ቮልቱን ነው የወሰድኩት፣ እና ምክንያቴ አንድ ነው፣ ቶርክ ሴንሰር አለው። ማለት እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ምን ያህል እንደገፋ ይለካና በዛው ልክ ነው ሚያግዘው። ባፋንጉ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው ሚያየው፣ ትንሽ ዞር ካረጋችሁት በመረጣችሁት ደረጃ ይሰጣችኋል። ሰፊ መንገድ ላይ ይሄ ምንም አይደለም፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሚዛን ጠብቃችሁ በቀስታ ለማለፍ ስትሞክሩ ግን ያልጠበቃችሁት ግፊት ከመጣ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል። በኔው ላይ ግን የራሴ እግር የጠነከረ ነው ሚመስለኝ፣ ያቺን የመጀመሪያውን ሞተር የጨረሰችውን ዳገት በትንሹ ማርሽ ቁጭ ብዬ ነው የወጣኋት፣ ጫፍ ላይ ቆሜ ብነካው ለብ ብሎ ነበር በቃ።

ለባፋንጉም ፍትህ ልስጥ፣ በጉልበት እሱ ይበልጣል፣ ቶንግሼንግ 80 ኒውተን ሜትር ሲል ባፋንግ 120 ነው የሚለው፣ ጋዝ እንደ ሞተር ሳይክል በእጅ መስጠትም ለሚፈልግ ይመቻል። ኪሎው ከበድ ያለ ሰው፣ ረጅም ረጅም ዳገት ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ እሱን ቢወስድ ነው ሚሻለው። ቶንግሼንጉ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጥርስ አለ፣ በጣም ሲጨነቅ መጀመሪያ ሚያልቀው እሱ ነው፣ መለዋወጫው ግን ለብቻው ይሸጣል፣ መቀየሩም ከባድ አይደለም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ኪት ከማየታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሳይክሉ ጋ ሂዱ። ሚድ ድራይቭ የሚገባው ፔዳሉ በሚያልፍበት የፍሬም ቧንቧ ውስጥ ነው፣ ወርዱን ለኩ፣ 68 ወይም 73 ሚሊሜትር ሆኖ ውስጡ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ጥርስ ካለው እነዚህ ሁለቱም ይገባሉ። ውስጡ ልሙጥ ከሆነ፣ ኩሽኔቱ ተገፍቶ ብቻ የሚገባበት ከሆነ፣ አዳፕተር ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ፍሬም ላይ ደሞ ጭራሽ አይሆንም። የቸርኬ ሞተር ከሆነ ምርጫችሁ የኋላ ቸርኬው የሚገባበትን የፍሬም እግሮች መሀል ለኩ፣ ርካሾቹ ኪቶች የሚሰሩት ለ135 ሚሊሜትር ነው፣ አዲሶቹ ማውንቴን ባይኮች ግን ብዙዎቹ 142 ወይም 148 ሆነው ወፍራም ዘንግ የሚያልፍባቸው ናቸው፣ እነሱ ላይ አይገባም። የቸርኬ ሞተር ስትገጥሙ ቶርክ አርም የምትባለዋን ብረት እንዳትረሱ፣ ሞተሩ ሲገፋ ዘንጉ እንዳይዞር የምትይዘው እሷ ናት፣ ካልተያዘ ዘንጉ ዞሮ ገመዱን በጥሶ ቸርኬውን ሊያወልቀው ይችላል። የፊት ቸርኬ ሞተር ሾክ ባለው ፎርክ ላይ ደሞ በፍጹም አልመክርም፣ ጫፉ ቀላል ብረት ነው፣ ለዛ አይነት ግፊት አልተሰራም።

ባትሪው ላይ ግን በደንብ አንብቡኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከሞተሩ በላይ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው፣ ማጭበርበሩም እሱ ላይ ነው። መጀመሪያ ያዘዝኩት 48 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ተብሎ ነበር። ሲመጣ ቀለለኝ፣ ሚዛን ላይ ሳደርገው 2.9 ኪሎ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ 48 ቮልት ማለት ውስጡ ካሉት ትንንሽ ባትሪዎች፣ ሴል ከሚሏቸው፣ 13 ተከታትለው ነው፣ አንዷ 18650 የምትባለዋ ሴል 2.5 አምፒር ሰዓት ብትይዝ 20 ለመሙላት ስምንት ስምንት ሆነው ይደረደራሉ፣ 104 ሴል ማለት ነው፣ አንዷ ደሞ 46 ግራም አካባቢ ናት፣ ስለዚህ ሴሎቹ ብቻቸውን ከ4.7 ኪሎ በላይ መሆን ነበረባቸው፣ ሳጥኑ ሳይቆጠር። 2.9 ኪሎ ውስጥ ያ ሁሉ ሴል ሊኖር አይችልም። መለስኩት፣ እና ከዛ በኋላ ክብደቱን በግልጽ የማይነግረኝ ሻጭ ጋ አልገዛም። አሁን ያለኝ 13 አምፒር ሰዓት ነው፣ በ48 ሲባዛ 624 ዋት ሰዓት፣ እንደ ዳገቱ በኪሎሜትር ከ15 እስከ 20 ዋት ሰዓት ይበላብኛል፣ 30 ኪሎሜትር ሳልሳቀቅ እሄዳለሁ።

ለራሳችሁ ለማስላት፣ ሰውና ሳይክል ተደምሮ 100 ኪሎ ቢሆን 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 27 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ በሙቀትና በሰንሰለት የሚባክነውን ጨምሩበትና 35 በሉት። የምትወጡትን ከፍታ ካወቃችሁ ከዛ ተነስታችሁ ባትሪ መምረጥ ትችላላችሁ።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ የባትሪው ቢኤምኤስ፣ ማለት ውስጡ ያለው መከላከያ ሰርኪዩት፣ ስንት አምፒር እንደሚለቅ ጠይቁ። ለሞተሩ ከረንት የሚመጥነው ኮንትሮለር 25 አምፒር የሚስብ ሆኖ ባትሪው 15 ብቻ የሚለቅ ከሆነ ልክ ዳገቱ መሀል ላይ፣ በጣም በፈለጋችሁት ሰዓት፣ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ቻርጀሩም ከባትሪው ጋር የሚገጥም መሆን አለበት፣ 48 ቮልቱ ሲሞላ 54.6 ነው፣ የ52 ቮልቱ ቻርጀር ግን 58.8 ስለሚሰጥ ሶኬቱ ገባ ብላችሁ እንዳትሰኩት፣ እሳት ነው። ስትሞሉም ሰው ባለበት ሙሉ፣ ማታ ተኝታችሁ አይሁን።

መግጠሙ ለኔ አንድ ከሰአት ወሰደብኝ፣ የድሮውን ፔዳል እጀታ ለማውለቅ የራሱ መሳሪያ ያስፈልጋል፣ ካቻቢቴና መዶሻ ይዛችሁ እንዳትታገሉ። ሞተሩን የሚይዘውን ዳዶ በደንብ አጥብቁት፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ ደሞ መልሳችሁ እዩት። እኔ መጀመሪያ ስላላጠበቅኩት ሞተሩ ፍሬሙ ስር ትንሽ ወደ ፊት ዞሮ አገኘሁት፣ መልሼ ካጠበቅኩት ወዲህ ንቅንቅ አላለም።

ሚድ ድራይቭ ሰንሰለት ይበላል፣ ይሄ እውነት ነው። ማርሽ ስትቀይሩ ለቅጽበት እግራችሁን አላሉ፣ ሞተሩ እየገፋ ከቀየራችሁ ሰንሰለቱን ሊበጥሰው ይችላል። ከፊት ያለው ጥርስ አንድ ብቻ ነው ሚሆነው፣ ስለዚህ ኋላ ትልቅ ጥርስ ያለው ካሴት፣ ማለት የኋላ ማርሾቹ ስብስብ፣ ቢኖራችሁ ዳገት ላይ ትጠቀማላችሁ። ፍሬናችሁ ያረጀ ከሆነ ደሞ ከሞተሩ በፊት እሱን ቀይሩ፣ ከ7 ኪሎ በላይ ጨምራችሁ ነው ቁልቁለት ምትወርዱት።

የህጉን ነገር ያላችሁበት ቦታ ላይ አጣሩ፣ ለምሳሌ በአውሮፓ ህብረት ውስጥ ሞተሩ ከ250 ዋት በላይ ከሆነ ወይም በሰአት ከ25 ኪሎሜትር በላይ የሚያግዝ ከሆነ እንደ ሳይክል አይታይም።

ኋላም ሾክ ያለው ሳይክል ያላችሁ ሰዎች፣ የእናንተ ችግር ከሞተሩ ይልቅ የባትሪው ቦታ ነው፣ ፍሬሙ መሀል ሾኩ ስለሚይዘው ትልቁ ባትሪ አይገባም። ካርቶን በባትሪው ልክ ቁረጡና ኮርቻው ላይ ሰው አስቀምጣችሁ ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ይነካው እንደሆነ እዩ፣ ከዛ በኋላ እዘዙ።