ለአሮጌው ሞተር መጋዜ የገዛሁት የካርቡሬተር ኪት

መጋዙ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቷል። ከአባቴ የወረስኩት ነው፣ እኔም ስንቱን ግንድ ፈልጬበታለሁ። በቅርቡ ግን ገመዱን ብስበው ብስበው እንቢ አለ። እንደ ምንም ሲነሳም ነዳጅ ስሰጠው ቀጥ ይላል። ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። «ይሄማ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ። አንድ ቡሎን እንኳን ሳይፈቱ! በጣም ተናደድኩ፣ ቤት ወስጄ ራሴ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ያወለቅኩት ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን) ነው፤ ምክንያቱም በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስቶኑ በዓይን ይታያል። ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ካለበት ጉዳዩ ከባድ ነው፣ ወጪውን ቁጭ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። የኔው ልስልስ ያለ ነበር። ከዚያ ማርሚታውን መልሼ ገመዱን አሥር ጊዜ ያህል ስቤ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈታሁ። ደረቅ ነው፣ የቤንዚን ጠብታ የለበትም። ስለዚህ ሞተሩ ደህና ነው፣ ነዳጅ ነው የማይደርሰው።

ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡሬተሩ ነውና የእሱን መጠገኛ ኪት አዘዝኩ። ያዘዝኩት በመጋዙ ሞዴል ሳይሆን ካርቡሬተሩ ላይ በተቀረጸው ቁጥር ነው። የኔው ዋልብሮ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው። አንድ ዓይነት መጋዝ ላይ የተለያየ ካርቡሬተር ሊገጠም ስለሚችል ይህን ቁጥር ሳታነቡ እንዳትገዙ።

ኪቱ ውስጥ ያሉት ስስ ጎማዎች፣ ጓርኒሲዮኖች (በክፍሎቹ መካከል የሚገቡ ማሸጊያዎች)፣ መርፌና ትንሽዬ ወንፊት ናቸው። አሮጌውን ስስ ጎማ በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ደረቅ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። አዲሱ እንደ ጨርቅ ልል ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲስብ ይህ ጎማ ተጎትቶ መርፌዋን ከፍቶ ቤንዚን ማስገባት አለበት፣ ከደረቀ ግን አይንቀሳቀስም፣ ሞተሩም ይራባል። ወንፊቷ ደግሞ ከጣት ጥፍር ታንሳለች፣ ቡናማ ሙጫ ደፍኗት ነበር። ታንኩ ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን የሚተወው ነው።

የጎማዎቹ ጥራት በጣም ጥሩ ነው፣ ልክክ ብለው ገቡ። ቅር ያለኝ መመሪያ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው፣ የሌላ ሞዴል ጓርኒሲዮንም አብሮ ስለሚመጣ ግራ ያጋባል። እኔ እያንዳንዱን ስፈታ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ የገጠምኩትም በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ከመርፌዋ አጠገብ ያለችው ሞላ ተፈናጥራ ትጠፋለች፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ።

ሙሉውን ካርቡሬተር በርካሽ አስመስለው የሚሸጡትን አልመክርም። ጓደኛዬ ገጥሞ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ጭራሽ አልስተካከል አለው፣ በመጨረሻ የድሮውን አጽድቶ መለሰው።

የኔው በሦስተኛው ስበት ተነሳ! ድምፁን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ካሞቅኩት በኋላ ሚኒሞውን አስተካከልኩ፣ በሚኒሞ ላይ ሰንሰለቱ ፈጽሞ መዞር የለበትም። የከፍተኛ ፍጥነቱን ብሎን ግን ድምፁ እንዲሰላ ብላችሁ አታጥብቁ። በእነዚህ ሞተሮች ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፣ ቤንዚኑን ስትቀንሱ ዘይቱንም ትቀንሳላችሁ፣ ያኔ ፒስቶኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። የኔ መጋዝ ድብልቅ 50 ለ1 ነው፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። የእናንተን መመሪያው ላይ አረጋግጡ። አሁን ሥራ ስጨርስ ታንኩን እገለብጣለሁ፣ ከዚያ አስነስቼ በራሱ እስኪጠፋ እተወዋለሁ።

ሰንሰለቱንም በ4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ሳልኩት። ድሮ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ነበር የሚተፋው፣ አሁን ወፈር ያለ ፍቅፋቂ እየጣለ ራሱ ወደ እንጨቱ ይገባል። የሰንሰለት ፍሬኑ የማይዝ መጋዝ ግን ቢነሳም እሱ እስኪሠራ ድረስ አይነካም።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር፣ የቤንዚን ቱቦው ኪቱ ውስጥ የለም። የኔው ታንኩ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ አየር ይስብ ነበር፣ እሱን ለብቻው አዝዤ ስጠብቅ አንድ ሳምንት ባከነ። አብራችሁ እዘዙት።